«11ኛ ክፍል የጀመርኩትን ጌም እንደገና ልስራው ወይስ ልተወው?»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ኖት? አምዱን ሁሌ ነው ማነበው፣ ዛሬ ግን የራሴን ጉዳይ ይዤ መጣሁ፣ ትንሽ ይረዝማል ይታገሱኝ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ከእናቴና ከታናሽ እህቴ ጋ ነው ምኖረው፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ነው ምማረው ዘንድሮ 4ኛ አመት ገባሁ። 11ኛ ክፍል እያለሁ፣ በ2013 ማለት ነው፣ አጎቴ በሰጠኝ አሮጌ ላፕቶፕ በጎዶት 3.2 (ነጻ የጌም መስሪያ ሶፍትዌር ነው) አንድ የስልክ ጌም ጀምሬ ነበር፣ ስሙ «ውሃ መጣች» ነው። ታሪኩ የኛው ብሎክ ነው በቃ። ከሌሊቱ 8 ሰአት ላይ ቧንቧው አየር መትፋት ይጀምራል፣ አንድ ልጅ ይነቃል፣ ግራውንድ ወርዶ በጀሪካን ይቀዳና ደረጃውን እየወጣ ቤት ያለውን በርሜል ይሞላል፣ ውሃዋ ሳትሄድ መጨረስ አለበት። ስልኩ ወደ ጎን ሲጋደል ጀሪካኑም ይጋደላል፣ በጣም ከተጋደለ ይፈሳል። 2ኛ ፎቅ ላይ አንዲት አራስ በሯን ከፍታ «ግማሹን ብቻ አካፍለኝ» ትለዋለች፣ ከሰጣት በኋላ መብራት ሲጠፋ ሻማ ይዛ ወጥታ ደረጃውን ታበራለታለች፣ ካልሰጣት በጨለማ ነው ሚወጣው።

ሶስት ሌሊት (ሌቭል ማለት ነው) ሰርቼ ለክፍሌ ልጆች በቴሌግራም ሁሉ ልኬላቸው ነበር፣ ከዛ ማትሪክ ደረሰ ተውኩት። ግቢ ከገባሁ በኋላ የላፕቶፑ ሃርድ ዲስክ ሞተ፣ ጥገና ወስጄው አይነሳም አሉኝ፣ ባክአፕ ሚባል ነገር አልነበረኝም። አሁን የቀረኝ እህቴ በያዘችው የድሮ ስልኬ ላይ የተጫነው ጌም ብቻ ነው፣ እሷ ደሞ እስካሁን ትጫወተዋለች።

ክረምቱን ሳስብበት ቆየሁና ከዜሮ እንደገና ልሰራው ወሰንኩ፣ በዚህ ጊዜ ግን በትክክል፦ በጎዶት 4፣ በ3ዲ፣ ሙሉ ኮንዶሚኒየሙ ከነሱቁ ከነወፍጮ ቤቱ፣ ሁለት ሰው ኦንላይን እየተሽቀዳደመ ሚቀዳበት፣ ሊደርቦርድ (የተጫዋቾች ውጤት ሰንጠረዥ) ያለው፣ ከዛ ፕሌይስቶር። የመመረቂያ ፕሮጀክቴም ላረገው አስቤያለሁ። የዶርም ጓደኛዬ «የድሮ ነገር ምን ያረግልሃል አዲስ ሃሳብ አምጣ» ይለኛል፣ ሌላው «ጎዶትን ትተህ አንሪል ተማር» ይላል (ሌላ ከበድ ያለ የጌም መስሪያ ነው)። እኔ ግን እስከዛሬ ጀምሬ የጨረስኩት ነገር የለም፣ ሚያስጨንቀኝ እሱ ነው። ላፕቶፔ ኮር አይ 3 ባለ 4 ጊጋ ራም ነው፣ መብራቱና ኔትወርኩ ሰፈራችን እንደሚያውቁት ነው። ምን ይመክሩኛል?

የ4ኛ ፎቁ ልጅ፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሌላውን ከማውራታችን በፊት አንዴ ተነስና እህትህ ጋ ሂድ። ጌሙን ከስልኩ እንዳታጠፋው ንገራት። ስልኩን ሪሴት እንዳታረጉት፣ ሚሞሪ ሞላብኝ ብላ አፕ ማጥፋት ስትጀምር እሱን እንዳትነካው፣ ለማንም እንዳትሰጡት። ምክንያቱም ጠፋ ያልከው ፕሮጀክት አብዛኛው እዛ ስልክ ውስጥ ነው ያለው።

ኤፒኬ (አንድሮይድ ላይ አፕ ሚጫንበት ፋይል) እኮ ስሙ ነው እንጂ ዚፕ ፋይል ነው። በጎዶት ሰርተህ ወደ አንድሮይድ ኤክስፖርት ስታረግ ሲኖችህ (የጌሙ ትእይንቶች)፣ ምስሎችህ፣ ድምጾችህ፣ ስክሪፕቶችህ (የጻፍከው ኮድ) ሁሉ ተጠቅልለው እዛ ውስጥ አሴትስ ሚባለው ፎልደር ነው ሚገቡት። እንዳሉ ግን አይደለም፣ በጎዶት 3 ራስህ ካልቀየርከው በቀር ስክሪፕቱ ወደ ባይትኮድ (ሰው ሳይሆን ማሽን ወደሚያነበው ኮድ) ተቀይሮ ነው ሚቀመጠው፣ ምስሉንም ጎዶት በራሱ ፎርማት ነው ሚያስቀምጠው፣ ስለዚ በዊንራር ከፍተህ ብታይ ብዙም ሚገባህ ነገር አይኖርም። ግን ጎዶት አርኢ ቱልስ ሚባል ነጻ መሳሪያ አለ፣ ኤፒኬውን ትሰጠዋለህ እሱ ፕሮጀክቱን መልሶ ያወጣልሃል፣ ሲኑን ከነኖዶቹ (ከነክፍሎቹ)፣ ምስሉን ሚከፈት አርጎ፣ ኮዱን በጽሁፍ። የጻፍካቸው ኮሜንቶች አይመለሱም፣ እነሱ ድሮ ኤክስፖርት ስታረግ ነው የቀሩት፣ የቫሪያብልና የፈንክሽን ስሞችህ ግን እንዳሉ ይመጣሉ። ያኔ ስክሪፕቱን በሚስጥር ቁልፍ ኢንክሪፕት አርገኸው (ቆልፈኸው) ከሆነ ብቻ ነው ሚቸግረው፣ ያንን ደሞ 11ኛ ክፍል ሆነህ ያረከው አይመስለኝም።

ኤፒኬውን መጀመሪያ ቴሌግራም ላይ ፈልገው። ለክፍሌ ልጆች ልኬ ነበር ብለሃል አይደል፣ ቴሌግራም ፋይሉን ሰርቨር ላይ ነው ሚያስቀምጠው፣ ቻቱ ካልተሰረዘ ከአመታት በኋላም ሰርች ስታረግ ይወጣል። እዛ ካጣኸው በዜንደር ከእህትህ ስልክ ወዳንተ ላከው፣ የተጫነ አፕ ከስልክ ወደ ስልክ ሲላክ ሚሄደው ራሱ ኤፒኬው ነው። ያገኘኸውን ወዲያው ሶስት ቦታ አርገው፣ አንዱ ላፕቶፕህ ላይ፣ አንዱ ቴሌግራም ሴቭድ ሜሴጅ ላይ፣ አንዱ ደሞ አጎትህ ጋ ሚቀመጥ ፍላሽ ላይ።

ሌላ ወጥመድ አለ እሱን ሳልነግርህ ባልፍ ይቆጨኛል። አንድሮይድ አንድን አፕ አፕዴት ሚያረገው አዲሱም በዛው ቁልፍ (የሰሪውን ማንነት ሚያረጋግጥ ሚስጥራዊ ፋይል) ከተፈረመ ብቻ ነው፣ ያንተ የድሮ ቁልፍ ደሞ ከሃርድ ዲስኩ ጋ ሄዷል። አዲሱን ጌም በድሮው የፓኬጅ ስም (አንድሮይድ አፑን ሚለይበት ስም) ሰርተህ እህትህ ስልክ ላይ ልትጭነው ስትል ስልኩ አልጭንም ይልሃል፣ ሰው እንዲህ ሲለው ምን ያረጋል፣ አሮጌውን ያጠፋና እንደገና ይሞክራል፣ በቃ አለቀ። ስለዚ አዲሱ ጌም አዲስ የፓኬጅ ስም ይኑረውና ሁለቱ ጎን ለጎን ይቀመጡ። አዲሱን የመፈረሚያ ቁልፍ ደሞ ከነፓስወርዱ ሰው የቤቱን ካርታ እንደሚያስቀምጥ አርገህ አስቀምጠው።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልምጣ። እንደገና ልስራው ወይ ላልከኝ አዎ ስራው ነው መልሴ። አዲስ ሃሳብ አምጣ ያለህ ጓደኛህ ላንተ አስቦ እንደሆነ ይገባኛል ግን አልስማማም፣ አንተ የጎደለህ ሃሳብ አይደለም፣ አዲስ ሃሳብማ ብታመጣ እሱንም ጀምረህ ነው ምትተወው። አንሪልም ለዚህ ስራ አይሆንም፣ በ4 ጊጋ ራም ኤዲተሩን እስክትከፍት ራሱ ትመረራለህ። እኔን ያሳሰበኝ «እንደገና» ምትለዋ ቃል ናት። አንተ እንደገና ብለህ የጻፍከው ሁለት የተለያየ ስራ ነው። አንደኛው ያለውን ጌም በተሻለ እጅ መስራት ነው። 3ዲው፣ ኦንላይኑ፣ ሊደርቦርዱ፣ ከነወፍጮ ቤቱ ያልከው ግን እንደገና አይደለም፣ ማንም ሰርቶት ማያውቅ ሌላ ጌም ነው፣ ከድሮው ጋ በስም ብቻ ነው ሚገናኙት። አንደኛውን ትጨርሰዋለህ። ሁለተኛውን በዚህ አመት፣ ያውም የመመረቂያ አመት፣ ብቻህን አትጨርሰውም።

ይሄን ምልህ ስላለፍኩበት ነው። 2000 ዓ.ም. አካባቢ ኮሌጅ እያለሁ በፍላሽ የብይ ጌም ሰርቼ ነበር፣ ፍላሽ ስልህ ሚሞሪው አይደለም፣ አዶቢ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ላይ የዘጋው የድሮው ሶፍትዌር ነው። አንድ ጉድጓድ፣ አራት ብይ፣ በማውስ ወደኋላ ስበህ ትለቃለህ፣ ሌላ ምንም የለውም። ምስሉ አያምርም ነበር፣ ታናሽ ወንድሜ ግን ምላሱን በጥርሱ ይዞ አይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል እራት ቀርቦ እስኪጠራ ይጫወተው ነበር። እኔ ደሞ በትክክል ልስራው ብዬ ከዜሮ ጀመርኩ። ግማሽ ላይ ስደርስ 3ዲ ይሁን አልኩና ሶፍትዌር ቀየርኩ፣ ሶስተኛ ጊዜ ስጀምር ደሞ ቶርናመንት ጨመርኩበት። ሶስተኛው ላይ ብዩ ሲንከባለል ውስጡ ያለው ቀለም አብሮ ሲዞር ይታይ ነበር፣ እሱን ብቻ ስሰራ ሁለት ወር ፈጀብኝ፣ ማንም ሰው ተጫውቶት አያውቅም። ወንድሜ ዛሬ የልጅ አባት ነው፣ አልፎ አልፎ ያ ብይ የት ደረሰ ይለኛል፣ ሚጠይቀኝ ስለመጀመሪያው ነው፣ እሱን ደሞ በላዩ ላይ ሴቭ እያረኩ አጥፍቼዋለሁ። አሁንም ባሰብኩት ቁጥር ይከፋኛል።

ትልልቆቹም ላይ ደርሷል። ዱክ ኑከም ፎርኤቨር ሚባለው ጌም ሊወጣ ነው ተብሎ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው፣ በአመቱ ኢንጂኑን (ጌሙ ሚሰራበትን ሶፍትዌር) ቀየሩ፣ ከዛ ሌሎች ጌሞች አዲስ ነገር ይዘው በመጡ ቁጥር እነሱም እንጨምር እያሉ ሲያፈርሱ ሲሰሩ ጌሙ የወጣው በ2011 ነው፣ 14 አመት ማለት ነው። ዴሪክ ዩ ሚባለው ሰው ደሞ ስፔለንኪ ሚለውን የዋሻ ጌም መጀመሪያ ትንሽ የፒክስል ጌም አርጎ በ2008 በነጻ ለቀቀው፣ ሰው ተጫወተው ወደደው፣ ከዛ እንደገና ተሰርቶ በ2012 በኤክስቦክስ ወጣ። እሱም እኮ እንደገና ነው የሰራው፣ ግን ሁለተኛውን ሲሰራ ጌሙ ምን እንደሆነ ተወስኖ አልቋል፣ ስእሉ ተቀየረ እንጂ ዋሻው ያው ዋሻ ነው። ያንተም ተወስኗል ወንድሜ፣ እህትህ ስልክ ላይ ነው ያለው።

ስለዚ ኮድ ከመንካትህ በፊት አንድ ማታ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘህ እህትህ አጠገብ ቁጭ በል፣ እሷ ትጫወት አንተ እይ። አታስረዳት፣ እንዲህ አርጊ አትበላት፣ እጇን ብቻ እይ። የቱ ጋ ስልኩን ወደ ደረቷ ትስበዋለች፣ የቱ ጋ ብቻዋን ትስቃለች፣ የቱ ጋ ትሰለችና ዘግታ ትወጣለች። ከዛ ለእናትህ ስጣት፣ እሷ ጀሪካን በእውነት ተሸክማ ያን ደረጃ የወጣች ሰው ናት፣ ኧረ ሰው እንዲህ አይሸከምም ካለችህ እሱንም ጻፈው። በወረቀቱ ላይ ሰው የወደደው ይቀራል፣ ሰው ዘግቶ የወጣበት ይስተካከላል፣ ወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር ደሞ አይሰራም። ሊደርቦርድ የት አለ ያለ ሰው ካላጋጠመህ ሊደርቦርድ የለም ማለት ነው።

እኔ ጌሙን አልተጫወትኩትም ግን ደብዳቤህን ሳነብ ቀልቤን የያዘችው አራሷ ናት። እስቲ አስበው፣ 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው። ግማሹን ስትሰጣት በርሜልህ 10 ሊትር ይጎድልበታል፣ ግን ሸክምህም 10 ኪሎ ይቀልልሃል፣ የቀረህን ሁለት ፎቅ ፈጠን ብለህ ትወጣለህ፣ ስትወርድ ደሞ መብራት ከጠፋ ሻማው አለልህ። ማለትም መስጠት ያስከፍልሃል ግን ደሞ ያግዝሃል፣ የቱ እንደሚሻል ተጫዋቹ በየሌሊቱ ማሰብ አለበት። በጽሁፍ «ጎረቤትህን እርዳ» ሳትል ጎረቤትነትን የጌሙ ህግ አርገኸዋል። አሁን ያለው ኮድህ ላይ የልጁ ፍጥነት በተሸከመው ሊትር ልክ ሚቀንስ ካልሆነ፣ ምትጨምረው አንድ ነገር ቢኖር ይሄ ይሁን፣ 3ዲውን አስር ጊዜ ይበልጠዋል። የአዲስ አበባዎቹ ጌም ሰሪዎች ቅኔ ጌምስ ኩኩሉ ሚለውን ጌም ሲሰሩ ያረጉት እኮ ዶሮዋ ከገበሬው ስታመልጥ ነው፣ ዶሮ ሲባረር ያላየ ማን አለ፣ ህጻን ልጅ ስልኩን እንደያዘ ይገባዋል። ያንተም ቧንቧው አየር ሲተፋ ከተሰማ በቃ ከኮዬ ፈጬ እስከ አያት የኮንዶሚኒየም ልጅ ሁሉ ምን ማረግ እንዳለበት ያውቃል።

3ዲውን ተው ስልህ አቅልዬህ እንዳይመስልህ። ጌሙ ማጋደል ላይ ነው የቆመው፣ በ2ዲ ከጎን ስታየው ጀሪካኑ ውስጥ ያለችው የውሃ መስመር ትታያለች፣ ዘንበል ስትል ልትፈስ መሆኗን አይንህ ያውቃል። 3ዲ አርገህ ካሜራውን ከልጁ ኋላ ስታረገው መስመሯ አትታይም፣ ጠባብ ደረጃ ውስጥ ደሞ ካሜራ ግድግዳ ውስጥ እየገባ ያሰቃይሃል። ኦንላይኑ ደሞ ሰርቨር ይፈልጋል፣ ሰርቨር በየወሩ ብር ይፈልጋል፣ ለመሞከር ሁሌ ሁለተኛ ሰው ያስፈልግሃል፣ ኔትወርክ ሲቆራረጥ የሁለቱን ጀሪካን አንድ አርጎ ማቆየት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። እህትህና ጓደኛዋ በአንድ ስልክ እየተቀባበሉ ማን ብዙ ሊትር አደረሰ ቢባባሉ ይበቃቸዋል፣ ለሱ አንድ ቁጥር ስልኩ ላይ ሴቭ ማረግ ነው ሚጠይቀው።

ጎዶት 4ን በተመለከተ ሂድበት። የጎዶት 3 መስመር እ.ኤ.አ. በ2024 እንኳን 3.6 ሚል አዲስ እትም ወጥቶለታል፣ ስለዚ የሞተ ነገር አይደለም፣ ያወጣኸውን የድሮ ፕሮጀክት መጀመሪያ በ3ቱ ከፍተህ መስራቱን አረጋግጥ። ግን አንተ ተማሪ ነህ፣ ከዚህ በኋላ ምትሰራበት 4ቱ ነው፣ የድሮው ኮድህ ደሞ እንደገመትኩት ከሆነ አንድ ስክሪፕት ውስጥ የታጨቀ፣ ለየፎቁ ኮፒ ፔስት የተደረገ ነው የሚሆነው፣ ይሄን ሚያህል ትንሽ ጌም ደሞ ከመጠገን መልሶ መጻፍ ይቀላል። 4ቱ የ3ቱን ፕሮጀክት ሚቀይር የራሱ ኮንቨርተር አለው፣ እኔ ግን ባዶ ፕሮጀክት ከፍተህ ከድሮው እያየህ አንድ በአንድ ብታመጣ ይሻልሃል ባይ ነኝ፣ መጀመሪያ ጀሪካኑን፣ ከዛ ልጁን፣ ከዛ አንድ ፎቅ ደረጃ። ኮድህ ውስጥ ኪኔማቲክ ቦዲ ምትለው አሁን ካራክተር ቦዲ ሆኗል፣ ሙቭ ኤንድ ስላይድ ፍጥነቱን በቅንፍ አይቀበልም፣ ቬሎሲቲ ሚለው ላይ አስቀምጠህ ነው ምትጠራው፣ ዪልድ በአዌይት ተተክቷል፣ እነዚህን ሶስቱን ካወቅህ አብዛኛው ይገባሃል። ከድሮው ኮድ ግን አንድ ነገር እንዳትቀይር፣ ቁጥሮቹን። ልጁ በሰከንድ ስንት ፒክስል እንደሚሄድ፣ ጀሪካኑ ስንት ዲግሪ ላይ ማፍሰስ እንደሚጀምር፣ ውሃዋ ከስንት ሰከንድ በኋላ እንደምትሄድ፣ እህትህ 4 አመት ሙሉ የወደደችው ነገር እነዛ ቁጥሮች ውስጥ ነው ያለው። ሲኖቹ ሌላ ቀን ይስተካከላሉ፣ ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ገልብጣቸው።

ላፕቶፕህ ለ2ዲ ይበቃል። ፕሮጀክቱን ስትፈጥር ሬንደረር (ምስሉን ስክሪን ላይ ሚስለው ክፍል) ሲጠይቅህ ኮምፓቲቢሊቲ ሚለውን ምረጥ፣ ለደካማ ማሽንና ለቆየ ስልክ የተሰራው እሱ ነው፣ የመጀመሪያው ቀን ላይ ባዶ ሲን ኤክስፖርት አርገህ እህትህ ስልክ ላይ ይነሳ እንደሆነ እይ፣ ስልኩ ኦፕን ጂኤል ኢኤስ 3.0 ሚባለውን የግራፊክስ ደረጃ ካልቻለ 4ቱ አይሰራበትም፣ እሱን ከአራት ወር በኋላ ሳይሆን ዛሬ ማወቅ ነው ያለብህ። ጎዶት ራሱ ትንሽ ፋይል ነው ግን ወደ አንድሮይድ ለማውጣት ኤክስፖርት ቴምፕሌቱ፣ ጃቫ 17ና የአንድሮይድ ኤስዲኬው ሚባሉ ተጨማሪ ፋይሎች ያስፈልጋሉ፣ እነሱ ከኤዲተሩ ብዙ እጥፍ ይበልጣሉ፣ ስለዚ ግቢ ዋይፋይ እያለህ ወይ በሌሊት ፓኬጅ አንዴ አውርደህ ፍላሽ ላይ አስቀምጣቸው። አማርኛ ጽሁፍ ካለህ ደሞ ፎንቱን ራስህ አስገባ፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ነጻ ነው፣ ጎዶት ይዞት ሚመጣው ፎንት የኛን ፊደል አያውቅም፣ አንተ ላፕቶፕ ላይ በትክክል የታየው ሌላ ቦታ አራት ማእዘን ሳጥን ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

ሃርድ ዲስክ ከሞተበት ሰው ጋ ስለ ባክአፕ ብዙ ማውራት አያስፈልግም፣ ጊት (የስራህን እያንዳንዱን እትም ሚያስቀምጥ ፕሮግራም) ተጠቀም ብቻ። ጊት እኮ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ኮሚት ምታረገው (የደረስክበትን ምትመዘግበው) እዛው ላፕቶፕህ ላይ ነው፣ ኔት ያገኘህ ቀን ጊትሃብ ወደሚባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረገጽ ትገፋዋለህ፣ ፕራይቬት ማረግ ይቻላል ያውም በነጻ። ከመቀመጫህ በተነሳህ ቁጥር ኮሚት አርግ። መብራት ሲጠፋ ደሞ ቀኑ ባከነ አትበል፣ የሌሊቶቹን ደረጃ አሳሳል፣ ጎረቤቶቹ ሚሉትን ንግግር፣ ማን የቱ ሌሊት ላይ በሩን እንደሚከፍት በደብተር ነው ሚሰራው። ድምጾቹንም ያኔ ቅዳ፣ ሰፈሩ ጸጥ ሲል ቧንቧው አየር ሲተፋ፣ ባዶ ጀሪካን ደረጃ ላይ ሲንኳኳ፣ ሙሉው መሬት ሲቀመጥ፣ ያንን ድምጽ ከኢንተርኔት አውርደህ አታገኘውም፣ አንተ ደሞ በርህ ላይ አለልህ።

አሰራርህን እንዲህ አርገው። መጀመሪያ አንዱን ሌሊት ብቻ ጥርት አርገህ ጨርስ፣ ጨርስ ስልህ ከመክፈቻው ስክሪን እስከ በርሜሉ ሞልቶ ልጁ ተመልሶ እስኪተኛ፣ ድምጹ ያለ፣ መሸነፍ ያለ፣ እንደገና ልሞክር ሚለው በተን ያለ። ብዙ ሰው ሶስቱንም ሌሊት ግማሽ ግማሽ ያረግና ሜኑውን መጨረሻ ላይ እሰራለሁ ይላል፣ መጨረሻው ግን አይመጣም። አንዱ ሌሊት ሙሉ ሆኖ ሰው እጅ ላይ ከገባ በኋላ ሁለተኛውና ሶስተኛው በጣም ይቀላሉ። በመሃል አዲስ ሃሳብ ይመጣልሃል፣ መምጣቱ አይቀርም፣ ደብተርህ ላይ የመጨረሻው ገጽ ላይ ጻፈውና ደብተሩን ዝጋ። ወፍጮ ቤቱ እዛ ይቆይ። ሶስቱ ሌሊት ወጥቶ ሰው ከተጫወተው በኋላ ወፍጮ ቤቱን ብትሰራው ማንም አይከለክልህም።

የመመረቂያ ፕሮጀክት ስለማረጉ አሁኑኑ፣ ሴሚስተሩ ሳይገፋ አድቫይዘርህን አናግር፣ ጌም ሚቀበል አለ ማይቀበልም አለ። ስታናግረው ጌም መስራት እፈልጋለሁ ብቻ አትበል፣ የድሮውን በስልክ ይዘህ ሂድና አጫውተው፣ ሚሰራ ነገር ያየ ሰው ሌላ ነው። ዶክመንቴሽኑ ጊዜ ይበላል፣ ግን አንተ አሮጌውን ከፍተህ ምን ድክመት አለው፣ በአዲሱ እንዴት ተከፋፈለ ብለህ ምትጽፈው እውነተኛ ነገር ስላለህ ካለምንም ከሚነሳ ሰው ይቀልልሃል። በግሩፕ ካሉህ ግን ከመጀመራችሁ በፊት ጌሙና ስሙ ያንተ እንደሆነ፣ እነሱ የሰሩት ስእልና ድምጽ ደሞ በስማቸው እንደሚጻፍ ተስማምታችሁ በወረቀት ፈርሙ። ኋላ ላይ ጓደኝነትም ፕሮጀክትም አብሮ እንዳይሄድ።

ፕሌይስቶር መጨረሻ ላይ ነው። የዴቨሎፐር አካውንቱ አንዴ ብቻ ሚከፈል 25 ዶላር ነው፣ ግን እ.ኤ.አ. ከህዳር 2023 አጋማሽ ወዲህ በግል ስም የተከፈተ አካውንት ጌሙን ለሁሉም ከመልቀቁ በፊት ቢያንስ 12 ሰው ለ14 ቀን ሳያቋርጥ ቴስተር (ጌሙን ሚሞክር ሰው) ሆኖ መቆየት አለበት። ዶላሩ እስኪገኝ ኢች አይኦ በሚባለው የጌም ድረገጽ በነጻ ልትለቀው ትችላለህ፣ ኤፒኬውንም በቴሌግራም እንደድሮው። ገንዘብ ያስገኛል ወይ የሚለውን በዚህኛው ጌም አታስበው፣ ከዚህኛው ምታገኘው ጨርሼ አውቃለሁ ማለትን ነው፣ ደብዳቤህ ላይ የጠየቅከኝም እሱን ነው።

12 ሰው ደሞ እዛው ብሎክህ ላይ ታገኛለህ። እህትህና እናትህ ሁለት፣ የዶርም ጓደኞችህ ሁለቱም ይግቡ፣ አጎትህ፣ የድሮ ክፍልህ ልጆች፣ 2ኛ ፎቅ ያሉ ጎረቤቶች። አንዱን ቦታ ለኔ ያዝልኝ፣ አድራሻዬን ከዝግጅት ክፍሉ ትወስዳለህ፣ አራሷን ሶስቱንም ሌሊት ውሃ አካፍላታለሁ።